የጥበቃው ጋቢና የዲኑ ፈንድ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንደምን ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን ቢሮ ውስጥ ከሰው እየተቀባበልኩ አነባለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው፣ ስለዚ ከረዘመባችሁ ከፈለጋችሁበት ቦታ ቁረጡት፣ ቁጥሮቹን ብቻ አትንኩብኝ፣ ሥራዬ ቁጥር ስለሆነ አንድ ዜሮ ከጎደለ እንቅልፍ አይወስደኝም። እዚሁ ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ፔይሮል፣ ማለትም የደመወዝ ሠንጠረዥ፣ የምሠራው እኔ ነኝ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። አንደኛ እንጀራዬ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ሌላ ኮሌጅ ፋይናንስ ከሚሠሩ ጓደኞቼ ጋ ቡና ስንጠጣ ነገሩ የኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሰኔ ነው። አንድ የጥበቃ አባት 60 ሞላቸውና ሸኘናቸው። የባሶና ወራና ሰው ናቸው፣ 14 ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ሌሊት፣ ያውም የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ፣ በአንድ ካፖርትና በአንዲት ከሰል ማንደጃ የቻሉ ሰው። አዳራሹ ውስጥ ነጭ ጋቢ አለበስናቸው፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ዲናችን ተነስቶ "እርስዎ ቤተሰባችን ነዎት" አለ፣ አባባ ቆመው መረቁን፣ እኔም ከሰው ጋ አጨበጨብኩ። በማግስቱ የጡረታ ወረቀታቸውን ሊጨርሱ ቢሮዬ መጡ። የጡረታ መለያ ቁጥራቸውን እየፈለግኩ ሳለ ቀስ ብለው፣ እንደሚያፍር ሰው፣ "ልጄ፣ ያ ፈንድ የሚሉት ነገር ለኔም አለኝ እንዴ? በር ላይ ቆሜ ኃላፊዎቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው" አሉኝ።

"አባባ፣ የርሶ የለም" አልኳቸው።

"አይ እሺ፣ ጠይቄ ልወቅ ብዬ ነው።"

ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም ማለት ይቻላል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የኛ ፔይሮል ኤክሴል ላይ ደመወዝ አለ፣ የሥራ ግብር አለ፣ ጡረታ 7 በመቶ፣ ጡረታ 11 በመቶ፣ ከዛ ጫፍ ላይ "ፈንድ 4%" የምትል ዓምድ አለች፣ ኮሌጁ ከጡረታው በላይ ከራሱ የሚያዋጣው ማለት ነው። ይቺ ዓምድ የምትሞላው ለ9 ሰው ብቻ ነው፣ ከዲፓርትመንት ኃላፊ ጀምሮ ወደ ላይ። የቀረነው 61 ሰዎች ጋ ባዶ ናት፣ እኔንም ጨምሮ። በየወሩ የምሞላት እኔው ነኝ፣ ስድስት ዓመት ስሞላት አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም፣ ያው ፎርሙላ ነው፣ ወደታች ትጎትተዋለህ በቃ።

4 በመቶ ለምን ሆነች? ይሄ ነው ዋናው ነገር። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ መጀመሪያ የወጣው በ2003 ነው፣ ቁጥር 715፣ በ2014 ደግሞ በ1268 ተተካ። ከ2003 በፊት የግል ኮሌጅ ጥበቃ ቀርቶ የግል ኮሌጅ ዲንም ጡረታ የሚባል አልነበረውም፣ ደህና ቤት የገባ ፕሮቪደንት ፈንድ (እየተዋጣ ተጠራቅሞ ከሥራ ሲወጡ የሚሰጥ ገንዘብ) ነበረው፣ ሌላው ጡረታው ልጆቹ ናቸው። አሁን ሠራተኛው 7 አሠሪው 11 ያዋጣል፣ 10 ዓመት ያገለገለ በ60 ዓመቱ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል፣ ከ10 በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 ነው። አባባ በ14 ዓመታቸው 35 በመቶ ማለት ነው። እዚህ ላይ አዋጁን አላማም፣ ለጥበቃውም ለዲኑም 11ዱ ያው 11 ነው፣ ቀመሩም ያው ነው።

ከ11 በላይ ሲኬድ ነው ጉዱ። በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ፣ 979፣ አሠሪ ለሠራተኛው ለጡረታም ሆነ ለፕሮቪደንት ፈንድ ወይም ለሌላ የጡረታ ጥቅም የሚያዋጣው በድምሩ ከወር ደመወዙ 15 በመቶ ካልበለጠ ግብር አይነካውም ይላል። 11ዱ ለጡረታ ሄደ፣ 4 ቀረች። የኛ አለቆች ያቺን ቀዳዳ ነው ያገኟት፣ ሕጋዊ ናት፣ ሌብነት አልልም። አንቀጹ የሚጠይቀው መጠኑን ብቻ ነው፣ "ከመቶ ስንት" ይላል እንጂ "ለማን" አይልም።

አሁን ካልኩሌተር አውጡ። 40,000 ብር የሚከፈለው ሰው 4 በመቶው 1,600 ብር ነው። ይሄን ብር በደመወዝ መልክ ቢወስደው በ2017 በተሻሻለው የሥራ ግብር 35 በመቶ ይቆረጥበት ነበር፣ ስለዚ በየወሩ 560 ብር ግብር ቀረለት። 3,500 ብር የሚከፈለው ጥበቃ ደግሞ ቢሰጠው ኖሮ (አልተሰጠውም፣ ቢሰጠው ነው የምላችሁ) 4 በመቶው 140 ብር፣ እሱ ያለበት እርከን 15 በመቶ፣ የሚቀርለት ግብር 21 ብር። ደመወዛቸው የሚበላለጠው 11 ጊዜ ገደማ ነው፣ መንግሥት የሚተውላቸው ግብር ግን ወደ 27 ጊዜ ይበላለጣል። ያ 560 ብር ከሰማይ አልወረደም፣ ሳይሰበሰብ የቀረ የመንገድና የጤና ጣቢያ ብር ነው፣ የባሶና ወራና ገበሬም ሳሙና ሲገዛ ግብሩን የከፈለበት አገር ብር ነው።

እዚህ ድረስ የራሴ ብስጭት ነው። የሚቀጥለው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ አለች፣ ሚኒሶታ፣ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ካፌ ውስጥ ምግብ ታቀርባለች፣ ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። እሁድ እሁድ በቴሌግራም እንደዋወላለን። የአባባን ነገር ስነግራት ሳቅ ብላ "አንተ፣ እኛ ጋ ባለፈው ሳላዋጣ በጡረታ አካውንቴ ብር ጨመሩልኝ እኮ" አለች።

"እትዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?"

"ምንም። ፈተና ወድቀው።"

"እነማን፣ ተማሪዎቹ?"

"ኮሌጁ ነዋ!"

ኮሌጅ ፈተና ሲወድቅ ሰምቼ ስለማላውቅ እየቀለደች መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ከዛ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሳነብ ከረምኩ፣ ባለቤቴ "አሜሪካ ልትሄድ ነው እንዴ" እስክትለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነሱ ጋ የኮሌጅ፣ የትምህርት ቤትና የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ የሚቆጥብበት ፎር ኦ ስሪ ቢ የሚባል የጡረታ ቁጠባ አለ፣ ስሙ ከግብር ሕጋቸው አንቀጽ 403 የመጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረ። የፋብሪካና የባንክ ሠራተኛ ያለው ፎር ኦ ዋን ኬ የአጎት ልጁ ነው። ሠራተኛው ከደመወዙ ይቆጥባል፣ ብዙ ጊዜ ኮሌጁም ይጨምርለታል፣ ይሄን ማቺንግ ይሉታል፣ ግብሩ ጡረታ እስኪወጣ ይቆያል። ታዲያ መንግሥት ግብሩን የሚያቆየው በነፃ አይደለም፣ "እኔ ግብር የምተወው ለአለቆችህ ብቻ ከሆነ አልተውም፣ ለታችኞቹም እንደሚደርስ ቆጥረህ አሳየኝ" ይላል። ያለማዳላት ፈተና የሚሉት ይሄን ነው። ማዳላት ሲሉ ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ ዘር ወይም ፆታ ማለታቸው አይደለም፣ ለዛ ሌላ ሕግ አላቸው፣ ይሄ ስለ ደመወዝ ነው፣ ለትልቅ ተከፋይ ማዳላት።

ፈተናው አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የበር ፈተና በሉት። ኮሌጁ አንድ ሰው እንኳ ከደመወዙ እንዲቆጥብ ከፈቀደ ለሁሉም ሠራተኛ መፍቀድ አለበት፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ የመመዝገብ እውነተኛ ዕድል መስጠት አለበት፣ መቼና እንዴት እንደሆነም መንገር አለበት። አይአርኤስ የሚባለው የግብር መሥሪያ ቤታቸው ተቋማት በብዛት የሚሳሳቱበትን ሲዘረዝር ማንን ቢጠቅስ ጥሩ ነው፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ የካፌ ሠራተኛ፣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ተተኪ መምህር! ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ሚኒሶታም ደብረ ብርሃንም የሚረሳው ያው ሰው ነው። ልዩነቱ እዛ የረሳ ኮሌጅ ከኪሱ ይክሳል።

ሁለተኛው የሽፋን ፈተና ነው፣ ኮሌጁ ከራሱ የሚያዋጣውን ብር ስንት ሰው ያገኘዋል የሚለው። ሠራተኛውን ለሁለት ይከፍሉታል። እ.ኤ.አ. ለ2026 ፈተና በ2025 ከ160,000 ዶላር በላይ ያገኘ ከፍተኛ ተከፋይ ይባላል፣ ቁጥሯ በየጊዜው ከኑሮ ውድነት ጋ ከፍ ትላለች። ከዛ ዋናው መንገድ እንዲህ ነው፣ ከትላልቆቹ መቶ በመቶው ጥቅሙን ካገኙ ከታችኞቹ ቢያንስ 70 በመቶው ማግኘት አለባቸው። የኛን ኮሌጅ በዚ ለካሁት። ከ9 ውስጥ 9፣ ከ61 ውስጥ 0። ኤክሴሉ ራሱ ያፈረ መሰለኝ።

ሦስተኛው እትዬን ብር ያስገኘላት ነው፣ ኤሲፒ ይሉታል፣ የማቺንጉን አማካይ የሚለካ። የታችኞቹ አማካይ ከደመወዛቸው 2 በመቶና ከዛ በታች ከሆነ የትላልቆቹ አማካይ ከእጥፉ አይበልጥም። ከ2 እስከ 8 ባለው መሃል ከሆነ 2 ነጥብ ብቻ ነው መብለጥ የሚቻለው፣ ማለትም የታችኞቹ 3 ከሆነ የላይኞቹ 5። ከ8 በላይ ሲሆን አንድ ከሩብ ጊዜ፣ 10 ከሆነ 12.5። ኮሌጁ ከዚህ ካለፈ ወድቋል። ሲወድቅ ሁለት መንገድ አለው፣ ወይ ለትላልቆቹ ትርፍ የሄደውን ያወጣላቸዋል፣ ሲወጣ ደግሞ ግብር ይከፈልበታል፣ ያውም ዓመቱ በተዘጋ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ካልሆነ ኮሌጁ ላይ 10 በመቶ ቅጣት ግብር አለ፣ ወይ ደግሞ ለታችኞቹ ከራሱ ጨምሮ አማካዩን ከፍ ያደርጋል። የእትዬ ኮሌጅ ሁለተኛውን መረጠ። ፕሮፌሰሮቹ ብራቸው ተመልሶ ግብር ከሚከፍሉ ለካፌዋ ሴት መጨመር ይሻላል ብለው ነው። ጽድቅ ፈልገው አይደለም፣ ሕጉ የትልቁን ጥቅም ከትንሹ ጥቅም ጋ በአንድ ገመድ ስላሰረው ነው።

ይቺ የገመድ ነገር ናት እኔን የገረመችኝ። እዛ አለቃው ራሱ ካፌ ድረስ ወርዶ "እባካችሁ ተመዝገቡ፣ ቆጥቡ" ብሎ ይለምናል፣ ምክንያቱም እነሱ ካልቆጠቡ ማቺንግ አያገኙም፣ ማቺንግ ካላገኙ አማካዩ ይወርዳል፣ አማካዩ ከወረደ የሱም ይወርዳል። እትዬ መጀመሪያ የተመዘገበችው አንዲት የኤችአር ሴትዮ ሦስት ጊዜ መጥታ ስትለምናት ነው፣ "ምን ፈልጋ ነው ብዬ ጠርጥሬያት ነበር" ትላለች። ፈተናውን በየዓመቱ መፈተን የሰለቸው ኮሌጅ ደግሞ አቋራጭ አለው፣ ለምሳሌ ለሁሉም፣ ቆጠቡም አልቆጠቡም፣ 3 በመቶ ካዋጣና ሌላውንም ደንብ ከጠበቀ ከማቺንጉ ፈተና ነፃ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ገነት ናት እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ቀዳዳው ብዙ ነው። በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች የሚሠራን ሰው ከበሩ ማስቀረት ይቻላል (እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ግን ሁለት ዓመት በተከታታይ በየዓመቱ 500 ሰዓት የሠራን በብዙ የግል ኮሌጅ ማስቀረት አይቻልም)፣ እዛ ደግሞ ኮርስ በኮርስ የሚያስተምር የፓርት ታይም መምህር መዓት ነው። እዛው እየተማረ የሚሠራ ተማሪም አይቆጠርም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከበሩ ፈተና በስተቀር ሌላው አይነካቸውም፣ የቤተ ክርስቲያን የሆኑም ብዙዎቹ ነፃ ናቸው። ሠራተኛው ራሱ የሚቆጥበው አማካይ ደግሞ በፎር ኦ ዋን ኬ ይፈተናል እንጂ በኮሌጆቹ አይፈተንም፣ በሩ ክፍት ከሆነ ይበቃል፣ ግን በሩ ክፍት ቢሆንስ ጥበቃው ከ3,500 ብር ምን ይቆጥባል? ይሄን ጥያቄ እኔም አልመለስኩትም።

ታሪኩም ቢሆን ከጥበቃ አልተጀመረም። አንድሩ ካርኒጊ የሚባለው የብረት ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፣ መምህራን ሳያዋጡ በነፃ የሚጦሩበት። የቤተ ክርስቲያን ኮሌጆች አይካተቱም ስለተባለ ከቤተ ክርስቲያናቸው የተለያዩ ኮሌጆች ሁሉ ነበሩ፣ ብር ምን የማያደርግ አለ። ገንዘቡ ግን ለሁሉም እንደማይበቃ ሲታወቅ በ1918 ቲአይኤኤ የሚባል መዋጮ የሚያሰባስብ ድርጅት ተቋቋመ፣ እስካሁንም አለ። በዛ ሁሉ ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት የለችም። የግብር ጥቅም ያለው የጡረታ ፕላን ለአለቆችና ለትልልቅ ተከፋዮች ማዳላት የለበትም የሚለው ሕግ በ1942 መጣ፣ የኮሌጆቹን ፎር ኦ ስሪ ቢ የነካው ግን የ1986ቱ የታክስ ማሻሻያ ነው፣ ሥራ ላይ የዋለውም ከ1989 ጀምሮ። እዩት እንግዲህ፣ ኮሌጆቹ ወደ ፈተናው የገቡት ከሌላው 40 ምናምን ዓመት ዘግይተው ነው። የተማረ ሰው ቤት ሒሳብ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ይዘገያል መሰለኝ፣ ይሄን እንደ ቀልድ ያዙልኝ።

የኛው አገር ይሄን ዓይነት ነገር አያውቅም እንዳይባል ደግሞ መንዝ ጓሳን አስታውሱ። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፣ ከልጅነቴ የሰማሁት ነው። ጓሳው ለ3 ለ5 ዓመት ይዘጋ ነበር፣ የሚጠብቀው ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነው (የቅርቡን ቄሮ አይደለም፣ የጥንቱን ነው የምላችሁ)፣ ሣሩ ሲደርስ የሚታጨድበት ቀን ይነገራል፣ ከዛ ቀን በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ባለርስትም ቢሆን ይቀጣል። አንዱ ቀድሞ ገብቶ ምርጡን አጭዶ ቤቱን ከድኖ፣ ገሳውን ሰፍቶ፣ ገመዱን ገምዶ ሌላው ቅሪት አይለቅምም። እርግጥ ርስት የሌለው ሰው ከጅምሩ አይቆጠርም ነበር፣ እናቴ ይሄን ስነግራት ትቆጣለች ግን እውነት ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፣ አሁን በማኅበረሰቡ እንደ አዲስ ተይዟል። እኔ የምለው፣ ለሣር ቀን የቆረጠ ሕዝብ ለፈንድ መቁረጥ ያቅተዋል ወይ?

አለቆቼ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ሰምቼዋለሁ። ፒኤችዲ ያለው ሰው ደብረ ብርሃን ድረስ አምጥተህ ማቆየት ቀላል አይደለም፣ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ ጠዋት ተነስቶ ለቃለ መጠይቅ ሄዶ ማታ ይመለሳል፣ ፈንዱ ማቆያ ነው ይላሉ። ውሸት አይደለም፣ ሁለት ጥሩ ጥሩ መምህር በኔ ጊዜ እንኳ ሄደውብናል። ግን ፈተናው እኮ አትስጡ አይልም፣ ርቀቱን ነው የሚለካው። ዲኑ እጥፍ ይውሰድ፣ ይፈቀዳል። ዜሮ ግን እጥፍ የለውም፣ ዜሮን በሁለት ብታባዛው ዜሮ ነው፣ እና የታችኞቹ ዜሮ ከሆኑ ዲኑም ዜሮ ነው።

ዝም ብዬ አላወራሁም፣ ሠርቼዋለሁ። የ61ዳችን ደመወዝ ተደምሮ በወር 420,000 ብር ነው። ለኛ 2 በመቶ ቢደረግ 8,400 ብር። ያኔ የላይኞቹ 4 በመቶ ልክ እጥፍ ስለሆነ በእትዬ አገር የማቺንግ ልኬት ያልፋል። (የኛ 4 በመቶ ማቺንግ ስላልሆነ በነሱ ሕግ ሌላ፣ ጠበቅ ያለ መለኪያ ነው የሚጠብቀው፣ እኔ ቀለል ያለውን ነው የተዋስኩት፣ ሒሳብ የሚያውቅ አንባቢ እንዳይዘኝ።) ከግብር ነፃውንም ጣሪያ አንነካም፣ 11 ሲደመር 2 ይሆናል 13። 8,400 ብር በ12 ወር 100,800 ብር ነው። የዘንድሮ ምረቃ የድንኳንና የሳውንድ ሲስተም ኪራይ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል፣ ቫውቸሩን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ነው በእርግጠኝነት የምናገረው። እሱም ላይ ሳውንዱ መሃል ላይ ጠፍቶ ዲኑ በባዶ ድምፅ ነው የጨረሰው።

ይሄን አንድ ገጽ አድርጌ ለፋይናንስ ኃላፊዬ ሰጠሁት። አነበበው፣ ደግ ሰው ነው፣ መነጽሩን አውልቆ "ጎበዝ፣ ሒሳቡ ትክክል ነው" አለኝ። ከዛ "ግን ማን ጠየቀህ?" አለኝ። በክፋት አይደለም፣ እውነቱን ነው። ማንም አልጠየቀንም። የገቢዎች ኦዲተር ሲመጣ 15 በመቶ መብለጥ አለመብለጡን አይቶ ማኅተሙን መትቶ ይሄዳል። ቦርዱ ትርፍና ኪሳራ ያያል። የጡረታው አስተዳደር 18 በመቶው በጊዜው መግባቱን ያያል። ያቺን ዓምድ ከላይ እስከታች የሚያያት ሰው የለም፣ ከኔ በቀር።

ስለዚ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ገንዘብ ሚኒስቴርና ገቢዎች ሚኒስቴር ያላችሁ ሰዎች ይቺ ጋዜጣ እጃችሁ ከገባች፣ የ15 በመቶው ነፃ መብት እንዳለ ይሁን፣ ከግዴታው 11 በላይ የሚያዋጣ ድርጅት ግን ዓመት ሲዘጋ ከሒሳቡ ጋ አንዲት ገጽ ያያይዝ፣ ስንት የላይኛ ሰው አገኘ፣ ስንት የታችኛ አገኘ፣ አማካዩ ስንት ስንት ነው። ካላለፈ ለላይኞቹ በትርፍ በሄደው ላይ ግብሩን ይክፈል፣ ወይ ለታችኞቹ ይጨምር፣ ምርጫው የሱ ነው። ላይኛና ታችኛ የሚለየውን የደመወዝ መስመር እናንተ ታሰምሩታላችሁ፣ ከዲግሪ ጋ ግን አታገናኙት፣ ምክንያቱም ወዲያው የኛ ኮሌጅ ለጥበቃዎቹ ዲፕሎማ መጠየቅ ይጀምራል፣ እነሱን አውቃቸዋለሁ። የፓርት ታይም መምህራንንም ከመጀመሪያው ቁጠሩልን፣ አሜሪካኖቹ የሳቱትን አትድገሙት፣ የኛ ኮሌጅ ማታ ማታ የሚያስተምረው ግማሹ እነሱ ናቸው፣ በኔ 61 ውስጥ እንኳ አልገቡም፣ የሚከፈላቸው በሌላ ሺት ነው።

የኮሌጅ ባለቤቶችም ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አይጠበቅባችሁም። ፋይሉ ተሠርቶ ተቀምጧል። ስሞቹን አጥፍቼ ቀመሮቹን ብቻ ትቼዋለሁ፣ የሌላ ኮሌጅ ፔይሮል ሠራተኛ ከፈለገው ለአዘጋጁ ይጻፍ፣ እኔ በፍላሽ አድርሼላችኋለሁ። የራሱን ቁጥር አስገብቶ ታችኛዋን ሳጥን ማየት ነው፣ ካለፈ አረንጓዴ ካልሆነ ቀይ ትሆናለች። የኛዋ እስካሁን ቀይ ናት። አባባ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝተውኝ "ያቺ ወረቀቴ አለቀች?" አሉኝ፣ የጡረታዋን ማለታቸው ነው፣ አልቃለች ሰኞ ይምጡ አልኳቸው።

ስሜና ስልኬ በአዘጋጁ ዘንድ የተቀመጠ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ